ችካል

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በምድር ባቡር መጋዘን
ጆንያ ስቆጥር ኖሬ፣ ኩንታል ስመዝን፣
ቁጥር ያታልለኛል ብዬ አስቤም አላውቅ፤
ሚዛኑ ራሱ ሲያየኝ ነበር የሚጠነቀቅ።

አንድ ቅዳሜ ታይዋን ገባሁ፣ ለልጄ ሰርግ ጨርቅ ፍለጋ፣
የድሬ ፀሐይ ከቆርቆሮው ጋር ሲዋጋ።
ሮብሌ፣ ያ የፊት ጥርሱ በወርቅ የተለበጠ፣
ጣቃውን ዘረጋና፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ
«ዘጠኝ ሺህ» አለ፤ ሻዩን መጠጠ።

ሳቅኩበት። ተቆጣሁ። ወጣሁ፣ እንደ ደንቡ፤
ተመለስኩ፤ ደግሞ ወጣሁ፣ እስከ ማዶ ግንቡ።
በአማርኛ ተሳድቤ፣ በሶማሊኛ ለምኜ፣ በኦሮምኛ ምዬ
በአምስት ሺህ አምስት መቶ ወሰድኩት፣ «ገፈፍኩት!» ብዬ።

ማታ፣ ያንኑ ጨርቅ፣ ያንኑ ቀለም፣ ያንኑ ጥለት ይዛ
ጎረቤቴ ኢፍቱ መጣች፣ እንደ ተዘረፈ ሰው ተክዛ።
«ሁለት ሺህ ብሎኝ ነበር፤ በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ገዛሁ፤
ሁለት መቶ ብቻ አስቀንሼ፣ ይኸው ተሞኘሁ!»
እኔ በኪሳራዬ ስፎክር፣ እሷ በትርፏ አለቀሰች፤
ጨርቄን አልጋ ሥር ደበቅኩት፤
ሻይ ቀዳሁላት፤ ጠጥታ፣ ገበያውን ረግማ ተመለሰች።

ምስጢሬን ለልጇ ለናስር፣ ዩኒቨርሲቲ ለሚማረው፣ ሹክ ብለው ሳቀ፤
«መልሕቅ ይሉታል፣ ጋሼ፤ አንዴ ጭንቅላት ውስጥ ከተጣለ አለቀ።»
ደጅ የቆመ ባጃጅ አሳየኝ፤ የታርጋው መጨረሻ ዘጠና አራት።
«ይህ ቁጥር ከምንም አይገናኝም፤ ብቻ አንብበውና ገምት፦
እዚያ ዘንቢል ውስጥ ስንት ማንጎ አለ?»
«ሰባ» አልኩት፣ በሙሉ ልብ፣ እንደ መዝገብ ሹም።
አንድ በአንድ አወጣን።
ሠላሳ ሦስት።
ባጃጁ ከማንጎው ምን አገናኘው? እኔስ ከባጃጁ?

መልሕቅ! ባሕር ለሌለው ከተማ፣ ወንዙ አሸዋ ለሆነ፤
ደቻቱ ዓመቱን ደርቆ፣ አንድ ሌሊት ብቻ ለጀገነ!
እኛ ችካል እንበለው፤ ፍየል እንደሚታሰርበት።
ገመዷ እስከፈቀደላት፣ ዞራ ዞራ የጋጠችበት
መሬቱ ክብ ሆኖ ይመለጣል፤
እሷን ግን አገር ሁሉ የተጋጠ ይመስላታል።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ጨርቅ አይደለም።

ዙሪያሽ በታመመች ጊዜ፣ ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ
«ሦስት ወር» አለ፣ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ፣ ድምፁን አድቅቆ።
ልጅ እግር ነበር። ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው
ራሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም።
እኛ ግን ታሰርንበት።
ሦስቱ ወር አለፈ። አራተኛው ሲጠባ፣
ቀኑን እንደ ተሰረቀ ዕቃ ደበቅነው፤
ጎረቤት ሲጠይቅ ድምፃችንን ዝቅ አደረግን፣
ባለቤቱ ሰምቶ እንዳይመጣ።
አሥራ አንድ ወር ኖረች።
ስምንቱን ምራቂ አልነው፤ ነጋዴ ከሚዛን በኋላ
ጣል እንደሚያደርጋት፣ እንደዚያች አንድ ሎሚ።
ያን ልጅ እየመረቀች ሞተች፤ «ሦስት ብሎ ስምንት ጨመረልኝ» ብላ።

ሌሊት ሌሊት ግን እንቅልፍ ሲሸሽ አስባለሁ፤
«ሁለት ዓመት» ብሎ ቢሆንስ ኖሮ?
ያንኑ አሥራ አንድ ወር፣ ያንኑ ቀለም፣ ያንኑ ጥለት ታቅፌ
እንደ ኢፍቱ ከሰው ደጅ ቆሜ
«ተዘረፍኩ» ስል እኖር ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሮብሌ ጋ ሄድኩ፣ ትራስ ልብስ ልገዛ።
ገና አፉን ሳይከፍት፣ ጥርሱ ብልጭ ሳይል፣
በሁለት እጄ ሁለት ጆሮዬን ደፈንኩ፤
የመጀመሪያውን ቁጥር እኔ ልጥራ ብዬ።
አየኝ። አዘነልኝ መሰለኝ።
ሻዩን መጠጠና፣ በአገጩ ወደ ላይ ጠቆመኝ፤
ዋጋውን ካርቶን ላይ ጽፎ ሰቅሎታል።